ጎማውን የመረጠው ማን ነው?

መኪና ያላችሁ ሰዎች ወርዳችሁ የጎማችሁን ጎን እዩት። ሦስት ቁጥሮች ተጽፈው ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት ነው። ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። ሦስተኛው የሚገባበት የቸርኬ መጠን በኢንች ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ሳያውቅ ዕድሜውን ሙሉ ይነዳል፣ ምንም አይጎድልበትም። እኔ ግን በእነዚህ ቁጥሮች እንጀራ በልቼባቸዋለሁ፤ ከማንም በላይ የማምነውን ሰው ያጣሁትም በእነሱ ሰበብ ነው። ታሪኩን ለማውራት ብዙ ጊዜ ሞክሬ ትቼዋለሁ፤ መሃል ላይ ስደርስ ድምፄ ይለወጥብኛል። በጽሑፍ ይሻል ይሆናል።

ሰኢድ እባላለሁ። ከአገር ከመውጣቴ በፊት ኮምቦልቻ ጎሚስታ ነበርኩ። አብሮኝ የወጣው ይማም ይባላል፤ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው፣ አብረን ነው ያደግነው። እሱ ቀደም ብሎ አንድ ጊዜ ሳዑዲ ገብቶ፣ ሠርቶ፣ ተይዞ የተመለሰ ስለሆነ መንገዱንም አረብኛውንም ያውቃል። በየመን በኩል አድርገን ድንበሩ ላይ ያሉት አል-ሐርስ ተራሮች ላይ ስንደርስ ትኩሳት ጣለኝ። ደላላው መራመድ የማይችል እዚሁ ይቅር አለ። ሌሎቹ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ይማም አልሄደም። እኔን አዝሎ ያንን ዳገት ወጣ፣ ቁልቁለቱን ወረደ፤ ሲደክመው ያወርደኝና አፌ ላይ ውሃ ጠብ አድርጎልኝ እንደገና ያዝለኛል። ይህን መጀመሪያ የምነግራችሁ በኋላ የምለውን ስትሰሙ ይማም ከመነሻውም ክፉ ነበር ብላችሁ እንዳትገላገሉ ነው። እኔ እንዲያ ብዬ መገላገል አልቻልኩም።

ጂዛን አካባቢ ያለችው አቡ ዓሪሽ ስንገባ ከከተማው ዳር ያለ አንድ በንሸር ተቀበለን። እኛ ጎሚስታ የምንለውን እነሱ በንሸር ይሉታል። የሚያሠራን ሳሌሕ የሚባል የመናዊ ነው፤ መዓልም እንለዋለን፣ አለቃችን ለማለት። ኢቃማ የለንም፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀት የለንም። ስለዚህ የምንተኛው ከሱቁ ጀርባ ባለው የጎማ መጋዘን ነው፣ ያውም ጫማችንን ሳናወልቅ። ጀዋዛት፣ ወረቀት የሌለውን የሚለቅሙት ማለቴ ነው፣ መጡ ሲባል ከኋላ ባለው ቀዳዳ ወጥቶ ወደ ማሽላው መሮጥ ነው። ጫማ አውልቆ መተኛት ያኔ ለእኔ የሀብታም ነገር ነበር።

ሥራውን እኔ እሠራለሁ፣ ይማም ይናገራል። ደንበኛ ሲመጣ የፈለገውን ለይማም ይነግረዋል፣ ይማም ለእኔ በአማርኛ ይነግረኛል፣ እኔ የምለውን ደግሞ በአረብኛ ይመልስለታል። እኔ ከአረብኛ ጥርት አድርጌ የማውቀው ቁጥር ብቻ ነበር። ጎማ ቤት ቁጥር ሳያውቁ አንድ ቀን አይዋልም። እና ይማም ሲተረጉምልኝ ጆሮዬን ቀና አድርጌ ቁጥሮቹን እለቅማለሁ። የነገርኩት ቁጥር ሳይዛነፍ ከአፉ ሲወጣ ከሰማሁ ቀሪውም እንደዚያው ነው ብዬ አርፋለሁ። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ከመሬት ጋር የተጣበቀች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት ግራጫ የሩጫ መኪና ገባች። ድምፅዋን ስሰማ እጄ ላይ የነበረውን ሥራ ጥዬ ወጣሁ፤ እንደዚያ ዓይነት መኪና ኮምቦልቻ ተወልዶ ከስልክ ውጭ የት ያያል። ነጂዋ ፈይሰል የሚባል ወጣት ነው። አባቱ ወደ አል-ኹባ በሚወስደው መንገድ ላይ ትልቅ የማንጎ እርሻ አላቸው። በዚያው ሳምንት ሙሽራ ሊሆን ነበር፤ ከሠርጉ በኋላ ሙሽራይቱን ይዞ የአብሃን ተራራ ሊወጣ አስቧል። የኋላ ጎማዎቹ ከውስጥ በኩል ተበልተው ሽቦው ብቅ ብሏል። አዲስ ፈለገ፤ ደግሞ መንገድ ላይ ያሉት ጉብታዎች ሆዷን ስለሚፍቁት ከኋላ ትንሽ ከፍ ቢልለት ደስ ይለዋል።

መዓልም ሳሌሕ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። መጋዘኑ ውስጥ ለትልልቅ ጂፕ የሚሆን ሁለት መቶ ሰባ አምስት፣ አርባ፣ ሃያ የሆነ ጎማ ነበረው፤ ለዓመታት የሚገዛው አጥቶ የጂዛን ሙቀት ሲቀቅለው የኖረ። እኛ እንደ ትራስ ተደግፈነው እንተኛ ነበር። ከላይ ሲያዩት አዲስ ነው፣ ጥቁረቱ ያብረቀርቃል። ቸርኬው ላይም ይገባል፣ ቁመቱም ከፍ ያለ ነው። መዓልም ራሱ እያንከባለለ አውጥቶ አጠገቤ አስቀመጠውና ያላ ግጠም ብሎኝ ሌላ ደንበኛ ሊያነጋግር ሄደ።

እኔ ግን መኪናዋን ማየት ነበረብኝ። የፊት ጎማዋ ሁለት መቶ አርባ አምስት፣ ሠላሳ አምስት፣ ሃያ ነው። የኋላዋ ደግሞ ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት፣ ሠላሳ፣ ሃያ። ቁጥሩ የተለያየ ስለሆነ ላላወቀ ሰው አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ይመስለዋል። ጠመኔ አንስቼ ሲሚንቶው ላይ አሰላሁት፤ ስፋቱን በመቶኛው አባዝቶ፣ ያንን እጥፍ አድርጎ፣ የቸርኬውን መጠን ወደ ሚሊሜትር ቀይሮ መደመር ነው። የፊቱም የኋላውም ቁመት አንድ መጣ። የሠሯት ሰዎች የኋላውን ያሰፉት መሬት እንዲቆነጥጥ ነው እንጂ ከፍታው ከፊቱ ጋር እንዲስተካከል አድርገው ነው። የመዓልምን ጎማ ሳሰላው አምስት ሴንቲሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ብልጫ አሳየኝ።

ይማምን ጠራሁት። "ይቺ መኪና በአራቱም እግሯ ነው የምትሳብ" አልኩት። "ኋላው ብቻ ከፍ ካለ የፊቱና የኋላው እኩል አይዞርም፣ ካምቢዮዋ ይጋያል። ስትታጠፍ ደግሞ ፓራፋንጎው ጎማውን ይልጠዋል። ጎማውም ራሱ አርጅቷል፤ ጎኑን እጠፈውና እየው፣ ተሰነጣጥቋል። በዚህ አብሃ ከወጣ ሙሽሮቹ አይመለሱም።"

ይማም ጎኑን አየ። ከዚያ ወደ መዓልም ዞር ብሎ አየና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እኛን ምን አገባን፣ ያዘዙንን እንግጠምና ዝም እንበል አለኝ። መዓልም ቢያባርረን የት እንገባለን ነው ነገሩ። እኔ እምቢ አልኩ። ለሰውየው ካልነገርከው አልገጥምም አልኩት። ጀግና ለመሆን አይደለም፤ በእጄ የገጠምኩት ጎማ ገደል ላይ ሲፈነዳ እየታሰበኝ መተኛት ስለማልችል ነው።

ይማም ለአፍታ አየኝና ፈይሰልን ይዞት ወደ ጥላው ሄደ። ብዙ አወሩ። እኔ ከሩቅ ጆሮዬን አቆምኩ። "ሚተይን ኸምሳ ወተማኒን፣ ተላቲን፣ ዒሽሪን" ሲል ሰማሁት፣ ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት፣ ሠላሳ፣ ሃያ። ልክ ነው። የመዓልምን ጎማ ቁጥርም ጠራ፤ ያም ልክ ነው። ፈይሰል ፊቱ ተለዋወጠ። መዓልም ያወጣውን ጎማ አየ፣ ከዚያ አጠገቡ የቆምኩትን እኔን አየኝ፣ ደግሞ ይማምን ትከሻውን ያዝ አደረገው። ምነው ተቆጣ ብዬ ስጠይቀው ይማም፣ በመዓልም ነው፣ አንተ አታስብ አለኝ።

ትክክለኛው ጎማ ከጅዳ እንዲመጣ ታዘዘ፤ መኪናዋ እስከዚያ እኛ ዘንድ ቀረች። መዓልም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እኔን ማናገር ተወ። ይማምን ግን አልተቆጣውም፤ ይህን ያኔ አስተውዬ ምክንያቱን አልመረመርኩም።

በማግስቱ ይማም ከስልክ ላይ ተነስቶ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኖ መጣ። ፈይሰል ደውሎ ሥራው ካማረልኝ አባቴ እርሻ ላይ የመኪኖቹንና የትራክተሮቹን ጎማ የሚይዝ ሰው እንፈልጋለን ብሏል አለኝ። ግቢው በግንብ የታጠረ ነው፤ ጀዋዛት አይገባበትም፤ መኝታ አለው፣ ምግብ አለው። "ለሁለታችንም ነው" አለኝ ይማም። "አንተ ብቻ መኪናዋን እንደ ሙሽራ አሳምርልኝ።"

አሳመርኳታ። ጎማዎቹ ሲመጡ የተመረቱበትን ጊዜ አየሁ፣ የፍጥነት ምልክታቸውን አየሁ፣ ቀስታቸው ወደሚዞሩበት አቅጣጫ መሆኑን ደግሜ አየሁ። ቸርኬው እንዳይጫር ጨርቅ እያነጠፍኩ ገጠምኩ። ባላንሱን ሠርቼ፣ ፈትቼ፣ እንደገና ሠራሁት። መሬት ላይ ተንበርክኬ ብሎኖቹን ሳጠብቅ የማስበው ጫማ አውልቄ ስለመተኛት ነበር። ይማም ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየኛል። አንድ ጊዜ ቀና ብዬ ሳየው ዓይኑን ሰበረ። ደክሞት ነው አልኩ።

ፈይሰል መጥቶ መኪናዋን ዞር ዞር አድርጎ ተመለሰ። ደስታው ከሩቅ ያስታውቃል። ወርዶ ይማምን ግንባሩን ሳመው። እኔም እጄን በጨርቅ ጠርጌ ዘረጋሁ። ፈይሰል እጄን አየውና አልፎኝ ሄደ። እጄ በአየር ላይ ቀረ። ይማም ቶሎ ብሎ፣ ቅባቱን ተጠይፎ ነው፣ የሀብታም ልጅ አይደል አለኝ። ከዚያ መጋዘን ገብቶ ፌስታሉን ይዞ ወጣ። አሁን አንድ መኝታ ብቻ ነው የተዘጋጀው፣ እኔ ልቅደምና ያንተን አስተካክዬ መጥቼ እወስድሃለሁ አለኝ። አቀፈኝ። በዚያች ግራጫ መኪና ውስጥ፣ እኔ በገጠምኩት ጎማ ላይ ሄደ።

ጠበቅኩት። መጀመሪያ ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም። በኋላ ጭራሽ መጥራት አቆመ። ታሞ ይሆናል አልኩ፣ ስልኩን ቀምተውት ይሆናል አልኩ፤ የማልሰጠው ምክንያት አልነበረም። ያዘለኝ ሰው እኮ ነው። በዚያ ሰሞን ጀዋዛት በየሱቁ ይገቡ ጀመር፣ መዓልምም በእጁ እየጠቆመ ኸላስ፣ ሂድልኝ አለኝ። ያለ ይማም እኔን የሚያናግርበት አንደበት የለውም፤ ለኔም ከይማም በቀር መሄጃ አልነበረኝም። በአንድ የመናዊ የጭነት መኪና ላይ ከገለባ መሃል ተደብቄ ወደ እርሻው ሄድኩ።

በሩን የከፈተችልኝ የእኛው አገር ሴት ናት። ዘሀራ ትባላለች፣ የደሴ ዙሪያ ልጅ፣ በወረቀት ገብታ ለቤቱ እመቤት ዓመታት የሠራች። አማርኛ ስሰማ ልቤ መለስ አለ። ይማምን ፈልጌ እንደመጣሁ፣ የበንሸሩ ሰው እንደሆንኩ ነገርኳት። ፈገግታዋ ጠፋ። ቆይ ብላ ልትገባ ስትል ፈይሰል ከውስጥ መጣ። እኔን ሲያይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

"ይሄን ሌባ ማን አመጣው ነው የሚለው" አለችኝ ዘሀራ።

ምን ሰረቅኩ አልኳት። ጠየቀችው፤ እሱም እጁን እያወራጨ ረዥም ነገር ተናገረ። ቃል በቃል እየተከተለች አመጣችልኝ።

"ያረጀ ጎማ ልትገጥምልኝ ስትል ይማም ነው ያስጣለኝ ይላል። ትክክለኛውን ቁጥር መርጦ የነገረኝም እሱ ነው፤ አንተ ከሻጩ ጋር ሆነህ ልትገድለኝ ነበር ይላል። መኪናዬን እዚያ የተውኩትም ይማም ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ ስላለኝ ነው ይላል። እሱ ባይኖር ሚስቴን ይዤ ገደል እገባ ነበር ይላል።"

ጥላው ስር ያወሩት፣ ፈይሰል እኔን ያየበት አስተያየት፣ በአየር ላይ የቀረው እጄ ሁሉ በአንዴ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ይማም አንድም ቁጥር አልዋሸም። ቁጥሮቹን ትክክል አድርጎ ተናግሮ በመካከላቸው እኔን ሸጠኝ። ለመዓልም ደግሞ ሁሉን ያበላሸው ሰኢድ ነው ብሎት ኖሯል። መዓልም እውነቱን ቢያውቅም አሮጌ ጎማ ሊሸጥ እንደነበር እንዳይወጣበት ለማንም አይናገርም።

መሬት ላይ ቁጢጥ ብዬ በጣቴ አሸዋው ላይ የሁሉንም ጎማ ልክ ጻፍኩ፣ አባዛሁ፣ ደመርኩ። በማውቃት አረብኛ ቁጥር ቁጥሩን ጠራሁለት። ፈይሰል ጎንበስ ብሎ ቁጥሮቹን አየ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ጅልም አይደለም። ይማምን አስጠራው።

ይማም ንጹሕ ነጭ ልብስ ለብሶ ከማንጎዎቹ መሃል መጣ። ሰላም አላለኝም። ፈይሰል አሸዋውን እያሳየ የሆነ ነገር ጠየቀው። ዘሀራ በጆሮዬ፣ ከሁለታችሁ የሚዋሸውን ለጀዋዛት እሰጠዋለሁ እያለ ነው አለችኝ።

"ይማም" አልኩት፣ "ተሳስቼ ነበር በለው፣ በቃ። አልቀየምህም። ለሁለታችን ነው ብለኸኝ የለም? ለሁለታችንም ይበቃል።"

ይማም መሬት መሬት እያየ በአረብኛ ተናገረ። አጭር ነው። ቁጥር የለበትም፣ ስለዚህ አንዲት ቃል አልገባኝም። ወደ ዘሀራ ዞርኩ። ምን አለ አልኳት። ተወው ወንድሜ፣ ሂድ አለችኝ። ንገሪኝ እንጂ አልኳት።

"ቁጥሩን ያስተማርኩት እኔ ነኝ አለ። ከዚያ ውጭ አላውቀውም፣ በንሸር ላይ ነው ያገኘሁት አለ።"

አጥር ለአጥር ያደግን ሰዎች። ከዚያ ዘሀራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያልከውን ሁሉ ሰምቻለሁ፣ እውነቱን ልንገረው ወይ አለችኝ። መንገር ትችል ነበር። እዚያ ቤት ቃሏ ይታመናል። ይማምን አየሁት፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ተይው አልኳት። ደግ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። እኔ ሳልከሰው ሲቀር አፍሮ ራሱ ይናገራል ብዬ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ጠብቄ ነው። ፈይሰል በእጁ ወደ ውጭ አሳየኝ፤ በሩ እስኪዘጋ ጠበቅኩ። ይማም ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ማንጎዎቹ ሲመለስ አየሁት፣ በሩም ተዘጋ።

አቡ ዓሪሽ ሳልደርስ ኬላ ላይ ተያዝኩ። አልሮጥኩም። ጂዛን እስር ቤት ከአገሬ ሰዎች ጋር ተዛዝለን ተርሒል፣ ወደ አገር የሚመልሰንን ወረፋ፣ ስንጠብቅ ሌሎቹ ማን ጠቆመብህ እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ማንም አልኳቸው።

አሁን ኮምቦልቻ ተመልሼ ያው ጎሚስታ ነኝ። ምን ተለወጠብህ ብትሉኝ፣ ሰው ማመን አላቆምኩም፤ ያ የሚሆን ነገር አይደለም። ግን ከአንድ ሰው ንግግር ውስጥ የምረዳት ነገር ልክ ስለሆነች ብቻ የማልረዳው ሁሉ ልክ ነው ብዬ አላርፍም። በሰው አፍ የምትኖሩ ሁሉ፣ ባዕድ አገር ያላችሁ በተለይ፣ ቋንቋውን ተማሩ። ሌላው ደግሞ፣ ይማምን ይቅር አላልኩትም። ሲያዝለኝ የነበረው ሰው ሌላ፣ አላውቀውም ያለው ሌላ እንዲሆኑልኝ ብዙ ጊዜ ለምኛለሁ፤ አንድ ሰው ናቸው። ይህ ነው የሚያናድደኝ። አንዱን ብቻ መጥላት ብችል ቀላል ነበር።

ባለፈው ሰሞን እናቱ እትዬ ፋጡማ ሥራ ቦታዬ ድረስ ስልክ በእጃቸው ይዘው መጡ። ልጃቸው ከዚያ ቤት ደህና እንደሚኖር እንጂ ሌላ አያውቁም፤ እኔም ነግሬያቸው አላውቅም። "ይማም ነው፣ ካንተ ጋር አገናኚኝ ብሎ ነው" አሉኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ይቅርታ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልዋሻችሁም፣ ለዚያች ቃል ብዬ ነው የተቀበልኩት።

"ሰኢድ" አለኝ። "ፈይሰል ሌላ መኪና ገዛ። የፊቱ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት፣ ሠላሳ አምስት፣ አሥራ ዘጠኝ ነው። ኋላውን ሰፋ አድርገህ ምረጥልኝ ይለኛል። ስንት ልበለው?"

ትንፋሹ ይሰማኛል። የማይሆን ቁጥር ብሰጠው በዚያች ቀን እዚያ ቤት ያለው ነገር ያበቃለታል። መኪናው ላይ ግን ፈይሰል ይቀመጣል፣ ሚስቱ ትቀመጣለች፣ አሁን ምናልባት ልጅም ይኖራል። በአእምሮዬ አሰላሁት፤ ጠመኔም አላስፈለገኝም።

"ሁለት መቶ ዘጠና አምስት፣ ሠላሳ፣ አሥራ ዘጠኝ" አልኩት። ደግመህ በለው አለኝ፣ ደገምኩለት። እሺ አለና ዘጋው።

ስልኩን ለእትዬ ፋጡማ መለስኩላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ፊቴን አዩኝ፣ ዓይናቸው ውስጥ እንባ ሞልቷል።

"ናፍቀኸው ነው አይደል የደወለው?" አሉኝ።

"አዎ" አልኳቸው።